የጉልበት ልክ

“ምን እያደረግሽ ነው?” አለ ባሏ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ የሜትሯን ጫፍ ተረከዙ ሥር ይዛ ሌላውን ጫፍ ወደ ጉልበቱ እየሳበች ነበር። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ የወሰደው መስሏት ነበር።

“ልክህን እየወሰድኩ።”

“የምን ልክ?”

“የሱሪ።”

“ሱሪ ከጉልበት በታች ነው እንዴ የሚለካው?”

“አንተ ስለ መኪና ታውቃለህ፣ እኔ ስለ ሱሪ። አትነቃነቅ።”

ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ስትሮክ ግራ ጎኑን ከመታው ወዲህ ንግግሩ ይጎተታል፣ ግራ እጁ ጭኑ ላይ ተጋድሞ ይውላል፣ ግራ እግሩን ደግሞ እንደ ሰው ዕቃ እየጎተተ ከአልጋው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ አልጋው በከዘራ ይመላለሳል። ሐኪሞቹ ተስፋ አልቆረጡም። ፊዚዮቴራፒውን ሳያስተጓጉል ከተከታተለ እግሩ ይበረታል ብለዋል። ያቋረጠው እሱ ራሱ ነው።

ያቋረጠውም በመኪናው ምክንያት ነው። ጡረታ ሲወጣ የገዛት መኪና ከፍ ያለች ናት። “መኪና ማለት ከላይ ሆነህ መንገዱን ስታይባት ነው” ይላል። ደህና በነበረ ጊዜ ዘሎ ይወጣባት ነበር። ከታመመ በኋላ ግን ወንበሩ ላይ ለመድረስ ሰው ሊያነሳው ግድ ሆነ። መጨረሻ ወደ ሕክምና በሄዱበት ጠዋት የሰፈሩ ባለሱቅና ሁለት ጎረቤቶች በብብቱና በእግሩ ይዘው ሲያነሱት ጫማው ወልቆ መንገዱ ላይ ወደቀ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ አየ። ባለሱቁ “አይዞህ፣ ደርሰናል፣ ደርሰናል” እያለ ከኋላ በትከሻው ገፋው። ሰውየው መልካም አሳቢ ነው፤ ክፋት የለውም። ግን ዕድሜ ልኩን ጭነት ሲያስጭን የኖረው ሰው ያን ቀን ራሱ ጭነት ሆነ። ቤት ሲመለሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ “ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የምወጣው በሳጥን ነው” አላት።

ሰፊዋ ከዚያ ቀን በፊት ዝቅ ያለች የኮንትራት መኪና ጠርታም ሞክራለች። ያቺ ደግሞ ባሰች። ሲገባ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ፣ ሲወጣ ከጉድጓድ እንደሚጎተት ሰው ሆነ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ይህን ስትሰማ፣ “ለእሱ የሚሆነው ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ያለ መቀመጫ ነው። እንደዛ ከሆነ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል፣ ከዚያ እግሩን ያስገባል። ማንንም አይፈልግም” አለቻት። ይህች ቃል ናት በሰፊዋ ልብ ውስጥ ስትብላላ የከረመችው። ልብስ ሰው ላይ አልሆን ሲል ሰውየውን አይቆርጡትም። ልብሱን ነው የሚያሳጥሩት።

ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ የመኪናዋን ቁልፍ ከመስቀያው አነሳች።

“ወዴት ነው?” አለ ባሏ።

“ዘይት ላስቀይርላት።”

“ማርሿን አታስጩኺያት። እኔ የለሁም ብለሽ።”

መንዳት ያስተማራት እሱ ነው። አስተምሮም ይቅር አላላትም።

ጋራዡ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ከብረታ ብረት ቤቶቹ መሃል ነው። በሩ ላይ የቆሙት መኪኖች አስፋልቱን ሊስሙ የደረሱ፣ ጎማቸው ክንፋቸው ውስጥ የተሸሸገ፣ የወጣት መኪኖች ናቸው። የጋራዡን ባለቤት መንደሩ በሙሉ “አውርደው” ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ያስታወሰ የለም። ከአንዷ መኪና ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰፊዋን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

“እትዬ፣ ተሳስተው እንዳይሆን። ዘይት የሚቀይሩት ከጎን ነው።”

“አውርደው የሚሉህ አንተ ነህ?”

“እንደዛ ይሉኛል” አለ እየሳቀ።

“እንግዲያው አልተሳሳትኩም። መኪናዬን አውርድልኝ።”

ከደንበኞቹ አንዱ፣ “እናታችን ውድድር ልትገባ ነው!” አለና ሌሎቹ ሳቁ። ሰፊዋ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ሜትሩን ከአንገቷ አወረደችና በግራ እጇ አንድ ቦታ ላይ ያዘችው።

“የባሌ ጉልበት እዚህ ድረስ ነው” አለች። በቀኝ እጇ ደግሞ ከፍ ብላ ያዘች። “የመኪናዋ ወንበር ደግሞ እዚህ። ግራ እግሩ አይታዘዘውም። ሰው ሲያነሳው ሞቶ ያድራል። ጉልበቱን ከፍ ማድረግ አልችልም። ወንበሩን ወደ እሱ ማምጣት ትችላለህ?”

ሳቁ ቆመ። ውድድሩን ያነሳው ወጣት ጫማውን ማየት ጀመረ። አውርደው ጨርቁን ኪሱ ውስጥ ከተተና በሁለቱ እጆቿ መሃል ያለውን ክፍተት አተኩሮ አየ።

“ሁሉንም አይሆንም” አለ በመጨረሻ። “ጎማው ከክንፉ ጋር ይጋጫል። ግን አብዛኛውን አወርደዋለሁ። የቀረውን ከወንበሩ ስፖንጅ ላይ እርስዎ ይቀንሱ፤ ስፌትስ የእርስዎ አይደል?”

ወደ ውስጥ ገብቶ አንድ ረዘም ያለ የብረት ዕቃ አመጣ። መሃሉ ሾክ ነው፤ ሞላው ከላዩ ተጠምጥሟል። ከሞላው በታች ያለው የሾኩ አካል እንደ ብሎን ጥርስ ወጥቶለታል።

“ኮይሎቨር ነው የሚባለው። የፋብሪካውን ሞላና ሾክ አውጥተን ይሄን እንተካለን። ይህቺ ቀለበት ሞላውን ተሸክማለች። ወደ ታች ባዞርናት ቁጥር መኪናዋ ትወርዳለች፣ ወደ ላይ ስናዞራት ትነሳለች። ልኩ ሲገኝ በዚህች በሁለተኛዋ ቀለበት ከሥር እንቆልፋታለን።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አንድ ነገር ግን ይወቁልኝ። ከወረደች በኋላ ድንጋያማ መንገድ አይታሰብም። ሆዷ ይቀደዳል።”

ሰፊዋ ሜትሩን ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። ክረምት በወጣ ቁጥር እሷና ባሏ “ላይ ቤት” ወደሚሉት ይሄዳሉ። ባሏ የተወለደበት ቤት ነው። ታላቅ ወንድሙ ብቻውን ይኖርበታል። ከአስፋልቱ ከተገነጠሉ በኋላ ያለው መንገድ ዳገትና ድንጋይ ነው፤ መሃል ላይ ድልድይ የሌለው ወንዝ አለ። ባሏ ታሞም ቢሆን ሐሳቡ እዚያው ነው። መስኮቱ ላይ ተቀምጦ፣ “ዘንድሮ ውኃው ቶሎ ይጎድላል” ይላል፣ ነገ የሚነሳ ይመስል።

“ይሁን” አለች። “መጀመሪያ ከበሩ ይውጣ።”

ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ነበራት። የሙሽሮችንና የሚዜዎችን ቀሚስ ስትሰፋ ያጠራቀመችው ነው። አውርደው አራቱንም ጎማ አወለቀ። የድሮዎቹ ሞላዎች አንድ በአንድ ሲወጡ ዝገታቸው ወለሉ ላይ ረገፈ። አዲሶቹ ተገጥመው መኪናዋ ከክሪኩ ስትወርድ ሰፊዋ በሩን ከፍታ ለካች፤ ገና አልሆነም በማለት ራሷን ነቀነቀች። መኪናዋ እንደገና ተነሳች፣ ቀለበቶቹ ትንሽ ዞሩ፣ እንደገና ወረደች። የመኪኖቹ ባለቤቶች የራሳቸውን ጉዳይ ትተው ሜትሩን ያዩ ጀመር። ውድድሩን ያነሳው ወጣት ሳይጠሩት መጥቶ መብራት ያዘላት።

“አሁንስ?” አለ አውርደው።

“አሁን ጨርሰሃል።”

“ለአንድ ሳምንት ይንዷት። ሞላው ጭነቱን ሲለምድ ትንሽ ይሟሽሻል። ከዚያ ይምጡና እናየዋለን። እስከዚያ የመቆለፊያዋን ቀለበት እስከ መጨረሻው አላጠብቃትም።”

ቤት ስትደርስ ባሏ መስኮቱ ላይ ነበር። ሞተሩን አጥፍታ ስትወርድ እግሯ ወዲያው መሬት አገኘ። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እሱ ግን ቶሎ ዓይኑን አነሳና ጎማዎቹን አየ።

በሩን ከፍታ ስትገባ፣ “ይሄ ነው ሱሪው?” አላት።

“ይሄ ነው።”

“መኪናዬን አንበረከክሻት።”

“ላስረዳህ…”

“ምኑን ታስረጂኛለሽ? ምኑን? እንደ ጎረምሳ መጫወቻ አደረግሻት! በዚህ ሆዷ ወንዙን እንዴት ትሻገራለች? ላይ ቤት እንዴት ልትወጣ ነው? ጠየቅሽኝ? እጄ ነው እንጂ የሞተው፣ ጆሮዬ ይሰማል!” ቃላቱ አፉ ውስጥ እየተደራረቡ ምራቁ ከከንፈሩ ወረደ። በደህናው እጁ ጠረገው። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።

ሰፊዋ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ይህን ሁሉ ወር ድምፅዋን ከፍ አድርጋበት አታውቅም።

“ትንበርከክ!” አለች። “ብረት ናት። ብረት ጉልበቷን አያማትም። ብረት ሰው ሲያያት አታፍርም። አንተ ስታፍር ማየት እኔን ገደለኝ። ብጠይቅህ እሺ አትልም ነበር፣ እሺ ስለማትል አልጠየቅሁህም። በደልኩህ፣ አዎ! ግን ሄደህ ተቀመጥባትና ከዚያ በኋላ ስደበኝ።”

ባሏ ያን ቀን ምሳውን አልበላም። በማግሥቱም ሰፊዋ የመኪናዋን ወንበር ስፖንጅ ቀንሳ ልብሱን በስፌት መኪናዋ ስትጠቅም፣ እሱ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ሲያይ ዋለ። ወደ ማምሻው ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ሕክምናው መቼ ነው?”

“ነገ ጠዋት።” መርፌውን አላቆመችም። ካቆመችው የሚሸሽ መሰላት።

“ቀስቅሺኝ።”

ጠዋት በሩ ላይ ብቅ ሲል ባለሱቁ እንደ ልማዱ እጅጌውን እየሰበሰበ ተነሳ። ጎረቤቶቹም ተከተሉት። ባሏ ከዘራውን በትንሹ አነሳ።

“ቆዩ፣ ወንድሞቼ። ቆዩማ።”

ሰፊዋ በሩን ከፍታለት ወደ መሪው ዞረች። ላለማየት ብላ መስታወቱን ታስተካክል ጀመር። ጀርባውን ለወንበሩ ሰጠ። በደህናው እጁ የበሩን ፍሬም ያዘ፣ ዳሌው ወንበሩን ነካ፣ ተቀመጠ። ቀኝ እግሩ በራሱ ገባ። ግራውን ከነሱሪው ጨምድዶ ይዞ አነሳውና አጠገቡ አስቀመጠው። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። ባለሱቁ እጅጌውን እንደሰበሰበ ቆሞ ቀረ።

ባሏ በሩን ራሱ ዘጋ። ጥቂት እንደሄዱ፣

“ሁለተኛ ማርሽ አስገቢ እንጂ” አላት። “ምስኪን መኪና።”

ከሳምንት በኋላ ከሕክምና ሲመለሱ ወደ ጋራዡ ገቡ። አውርደው ሮጦ መጥቶ በሩን ሊከፍት ሲል ሰፊዋ በዓይኗ ከለከለችው። ባሏ ቀስ ብሎ ወጣ፣ በከዘራው ተደግፎ መኪናዋን አንድ ዙር ዞራት፣ ጎንበስ ብሎ የፊተኛውን ጎማ ክንፍ በእጁ ዳሰሰ።

“ሥራህ ንጹሕ ነው” አለው።

“እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።”

“አሁን ከፍ አድርጋት።”

አውርደው ሰፊዋን አየ። ሰፊዋ ከመኪናዋ ጎን ቆማ ነበር። “ታዲያ አንተ እንዴት ትገባለህ?” አለች።

“ወንዙን የምትሻገርበትን ያህል ብቻ። ዳገቱን የምትወጣበትን ያህል። ይቻላል አይደል፣ ልጄ?”

“ይቻላል፣ ጋሼ። ቀለበቱን ማዞር ነው። ግን…”

“ግኑን እኔ አየዋለሁ።”

አውርደው የአራቱንም ጎማ ቀለበት ወደ ላይ አዞረ። ሥራው ጊዜ ወሰደ። ባሏ ያቀረቡለት ወንበር ላይ አልተቀመጠም፤ ቆሞ ጠበቀ። መኪናዋ ከክሪኩ ስትወርድ ሆዷ ከመሬት ርቆ፣ በፊት የሚያውቃትን መስላ ቆመች። ፊቱ ለአፍታ በራ።

ጀርባውን ሰጠ። የበሩን ፍሬም ያዘ። ወንበሩ ወገቡን ነካው። ቀኝ እግሩን አጠንክሮ ራሱን ወደ ላይ ገፋ፤ አልደረሰም። ደግሞ ገፋ። ግራ ጉልበቱ ከዳውና በሩ ላይ ተንጠለጠለ። የሰፊዋ እጆች ሳታዛቸው ወደ ፊት ሄዱ። ሰብስባ ደረቷ ላይ ያዘቻቸው። አውርደው ዞር ብሎ፣ መሣሪያ መደርደሪያው ላይ የሌለ ነገር ይፈልግ ጀመር።

ባሏ ቀና ብሎ እስኪቆም ረጅም ጊዜ ወሰደበት። መንገዱን አየ፤ አስፋልቱን ሳይሆን ከእሱ ማዶ የሆነ ነገር የሚያይ ይመስል ነበር።

“ወንድሜ መኪና ያቅለሸልሸዋል” አለ ቀስ ብሎ፣ ለማንም ሳይሆን። “ቢሆንም ከላይ ቤት ወደ እኛ ይምጣ። እሱ እግር አለው።”

ከዚያ ወደ አውርደው ዞረ። “መልሳት።”

“እንደነበረችው?”

“እሷ በለካችው።”

መኪናዋ እንደገና ወረደች። ሰፊዋ ሜትሯን ልታወጣ ስትል ባሏ ቀድሟት ተቀምጦ አሳያት። አውርደው ከጎማው ክንፍ ሥር እንደተንበረከከ ቀና አለ።

“ጋሼ፣ የመቆለፊያዋን ቀለበት ላላ አድርጌ ልተዋት? ምናልባት ሐሳብዎን ከቀየሩ ለማዞር ይቀላል።”

“ቆልፋት።”

አውርደው ማጥበቂያውን ቀለበቷ ላይ አስገብቶ ሳበ። ብረቱ ሲጢጥ አለ። ባሏ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እንደ ሾፌር አዳመጠ።

“ገና ነው” አለ። “ጨምርባት።”