መምህሯ ያስተላለፈችው ቀጠሮ

ቅዳሜ ጠዋት ለጎልማሶች እንግሊዝኛ የምታስተምረው መምህርት አንድ የማትለቀው ሕግ አላት፦ አዲስ ግስ የተማረ ሁሉ ከገዛ ሕይወቱ አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። በውሸት የተለማመዱት ቋንቋ አፍ ላይ አይቆይም ባይ ናት።

የዛሬው «ፑት ኦፍ» ነበር። ዛሬ መደረግ ያለበትን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ነው ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ ስብሰባም፣ ጉዞም፣ ቀጠሮም ይተላለፍበታል። ቀጠሮ የሚለውን ወዲያው አጠፋችው። ጠመኔውን አስቀመጠች፣ አነሳች፣ መስኮት ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች። እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ አለ። ለአባቷ የልብ ቀዶ ጥገና የተያዘውን ቀን ሦስት ጊዜ ያስተላለፈችው እሷ ናት፤ ለአባቷ ግን «ሆስፒታሉ አስተላለፈው» ነበር ያለቻቸው። ዛሬ ማለዳ ከሆስፒታሉ ተደውሎ እስከ ስድስት ሰዓት ካልመጡ ተራው ለሌላ በሽተኛ ይሰጣል ተብላለች። አሁን አምስት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ፀጉር አስተካካዩ ጥርሱን መነቀል ዛሬ ነገ ሲል ጥርሱ ራሱ ተሰናብቶት እንደሄደ ተናገረ፤ ሁሉም ሆዱን ይዞ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ የሰው ልብስ ለማድረስ ስትሯሯጥ የገዛ ልጇን ቀሚስ እያቆየች፣ ተሰፍቶ ሲያልቅ ልጅቷ አድጋ እንዳጠራት አወራች። መምህሯ ግን ሰዓቷን አየች።

«የእርስዎስ፣ መምህር?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሌላ ጊዜ ስለ ዝናብ አንድ ነገር ጣል አድርጋ ታልፍ ነበር። አሁንም ዝናቡ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሃያ ሰው ዓይን ዓይኗን እያያት አልወጣ አላት።

«የአባቴን ቀዶ ጥገና ሦስት ጊዜ አስተላልፌያለሁ» አለች በእንግሊዝኛ። ሰዋስውዋ እንከን አልነበረውም። መቼ ነው ቀኑ ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ጠየቃት። ዛሬ ስትለው ተነስቶ ቦርሳዋን አቀበላት።

ደረጃው ላይ ሆና ለአባቷ ደወለች። ቀኑን ያስተላለፈችው እሷ እንጂ ሆስፒታሉ እንዳልሆነ፣ እንዳታጣቸው ፈርታ እንደሆነ፣ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ዛሬ እንደሆነ ባንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው።

«እኔም እኮ ፈርቼ ነበር፣ ልጄ» አሉ አባቷ። «ቀኑ በተላለፈ ቁጥር ያስተላለፈልኝን ሐኪም ስመርቀው ነበር የምውለው። ለካ የመረቅኩት አንቺን ኖሯል። በይ ቶሎ ነይ፤ ከዘገየሽ እኔም ሌላ ቀን ማለቴ አይቀርም።»