በነሐሴ የተገዛችው መኪና

በበቅሎ ድለላ የሚስተካከለኝ ሰው በወሎ ምድር አልተፈጠረም። ለመመካት አይደለም፤ በቅሎዎቹ ራሳቸው ያውቁታል። ደሴ ሰኞ ገበያ ብቅ ስል፣ ዕድሜያቸውን እንዳልጠይቃቸው ከንፈራቸውን ገልጠው ጥርሳቸውን የሚያሳዩኝ አሉ። በሃያ ዓመት ያሻሻጥኳቸው ቢሰለፉ፣ የፊተኛዋ አሰብ ደርሳ ጨው ስትልስ የኋለኛዋ ገና ጦሳ ተራራ ሥር ሣር ትግጣለች።

መኪና ግን ያሻሻጥኩት አንዲት ብቻ ነች። እሷንም ባላሻሻጥኳት ኖሮ ብዬ ስንት ቀን እንደተመኘሁ ቁጥሩን አላሳድገውም፤ በየቀኑ ነው።

ጣሊያን ደሴን በያዘ በሦስተኛው ክረምት ነው ነገሩ። ወዳጄ ሙሄዲን ኮምቦልቻ ላይ ቆዳ ይነግዳል። በፊት ለአንድ የመናዊ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ስለሠራ መንዳት ይችላል። ሚስቱ ከሪማ ሁለት ልጅ ወልዳ ሁለቱም አልቆዩላትም። የመጀመሪያው ከጠዋት እስከ ቀትር ኖረ፤ ሁለተኛው እንኳን ሊኖር አላለቀሰም። ሦስተኛውን ስታረግዝ ሙሄዲን ደሴ አምጥቶ ለአንድ ጣሊያን ሐኪም አሳያት። ሐኪሙም በአስተርጓሚ፣ «ምጥ እንደጀመራት አምጧት። ከዘገየች ልጁ ይታፈናል» አለ።

ከኮምቦልቻ ደሴ በቃሬዛ ግማሽ ቀን ነው። የጦር ካሚዮን ደግሞ አበሻ አያሳፍርም። ስለዚህ ሙሄዲን በሰኔ መጀመሪያ ደሴ ሆጤ ሰፈር ካለው ቤቴ መጣ።

«ቀለሙ፣ ያቺን ቀይ መኪና ጠይቅልኝ» አለኝ።

«የቷን?»

«የመንገድ መሐንዲሱን የብሩኖን። ስፖርት የሚሏትን።»

«ሁለት ሰው ብቻ ነው እኮ የምትይዘው። ቆዳህን የት ልትጭን ነው፣ ትከሻህ ላይ?»

«ከሪማንና እኔን ከያዘች ሌላ ምን ልጭን? ደሴን በግማሽ ሰዓት ነው የምትወጣው አሉ።»

«ማን አለ? እኔ በሰባት ደቂቃ ስትወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ውሾቹ የጮኹት ካለፈች በኋላ ነው።»

ሳቀ። ያኔ ይስቅ ነበር።

እኔም የሃያ ዓመት ዕውቀቴን ዘረገፍኩለት። በቅሎ የሚገዛው መንገዱ ጭቃ ሲሆን ነው። በሐምሌና በነሐሴ መንገደኛ የለም፤ ባለቤቷ አስሮ ከመቀለብ በቀር የሚያደርጋት ነገር ስለሌለ በመጣለት ዋጋ ይሸጣታል። በመስከረም ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ሁሉም መንገድ ያምረዋል፣ ዋጋዋም ይነሣል። ይህች መኪና እንዲያውም ጣሪያ የላትም። ዝናብ አናቱን እየቀጠቀጠው ማን ይነዳታል? «ነሐሴ ድረስ ጠብቅ» አልኩት። «በግማሽ ዋጋ ካላመጣሁልህ ከደሴ ልሰደድ።»

«መውለጃዋ ጳጉሜን ነው።»

«እንግዲያው ምን ቀረብህ?»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ» አልኩት፣ እኔ አንገቴ ላይ ማዕተብ ያሰርኩት።

ልክም ነበርኩ። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። መሐንዲሱ በሐምሌ ወደ አስመራ እንዲዛወር ታዘዘ፤ በዚያ ዝናብ መኪናይቱን የሚጠይቅ ጠፋ፤ ዋጋዋም እንዳልኩት ወረደ። ነሐሴ አሥር ቀን ሙሄዲን ወረቀቷን ማኅተም ለማስመታት ቢሮ ሲሰለፍ፣ እኔ መሐንዲሱ ቤት ሄጄ ተረከብኳት።

መሐንዲሱን ወደ አስመራ የሚወስደው ካሚዮን በር ላይ ቆሞ ጡሩምባ ይነፋል። እኔ እንደ ሥራዬ ዞርኩባት፤ ጎኗን መታ መታ አደረግሁ፤ ጎማዋን እንደ ሰኮና ረገጥኩ። ቀጥሎ የገመዱ ነገር ትዝ አለኝ።

የእኛ ደንብ እንዲህ ነው። በቅሎ የገዛ ሰው በራሱ ገመድ ስቦ ይወስዳታል፤ የሻጩ ገመድ ለሻጩ ይመለሳል። ገመዱ አብሮ ከሄደ የሻጩ ቤት በረከት ተከትሎት ይወጣል። ይህን የረሳ ደላላ ሰኞ ገበያ ላይ ሁለተኛ የሚጠራው የለም። መኪና ግን ገመዷ ምኗ ነው? ከወንበሩ ሥር ሁለት ቦታ ላይ የታጠፈች ብረት አገኘሁ። መሐንዲሱ አንድ ቀን በመኪናይቱ ፊት ቆሞ ይህችኑ ብረት አፏ ውስጥ ሰክቶ ሲይዛት ከሩቅ አይቼው ነበር። ልክ ልጓም እንደያዘ ሰው ነበር የቆመው። አበቃ፤ ገመዷ እሷ ነች አልኩ።

በሁለት እጄ አቀረብኩለት። «ኖ፣ ኖ» ብሎ መለሰልኝ። ጨዋ ሻጭ መጀመሪያ እምቢ ማለቱ ደግ ነው፤ ደግሜ ሰጠሁት። አሁንም መለሰልኝና «ማኖቬላ፣ ማኖቬላ» አለ፣ እጁን በአየር ላይ እያሽከረከረ። ጣሊያንኛ እንደሆነ፣ ሮም ያሉት ቃል ሲጠፋቸው እኔን ቢጠይቁ ይቀላቸዋል። ማኖ እጅ ነው፤ ቤላ ቆንጆ ነው። እጅህ ይባረክ ማለቱ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩለት። ካሚዮኑ ሲነሣ ብረቷን ራሴ ሻንጣው ላይ ጣልኩለት። ሰውዬው እየሳቀም እየጮኸም ሄደ። ደስ ብሎኝ እጄን አውለበለብኩ።

ሙሄዲን መኪናይቱን የዚያኑ ቀን ነድቶ ኮምቦልቻ አወረዳት። ከሪማና እሱ በነሐሴ ማብቂያ ወደ እኔ ቤት ወጥተው፣ እስክትወልድ ከሐኪሙ አጠገብ ሊቀመጡ ነበር ሐሳባቸው። ምጡ ግን ነሐሴ አሥራ ስምንት ጠዋት መጣ። እኔ ለገበያ ወርጄ እነሱ ቤት ነበር ያደርኩት።

ሙሄዲን ከሪማን በጋቢ ጠቅልሎ አስቀመጣት፤ ገብቶም ቁልፉን አዞረ። መኪናይቱ አንድ ጊዜ እንደሚያስል ሰው እህ አለች። ሁለተኛው ላይ እሱንም ተወችው።

«ዝናቡ ነው፣ ባትሪዋ ሞቷል» አለ ሙሄዲን። አልደነገጠም። «ግድ የለም፣ ማኖቬላ አላት» አለና እጁን ወንበሩ ሥር ሰደደ።

«ምን አላት?»

«ማኖቬላ። ፊቷ ላይ ሰክተህ የምታዞራት የታጠፈች ብረት። ባትሪ እምቢ ሲል ሞተር የሚነሣው በሷ ነው። የት ገባች?»

እሱ ወንበሩን ገለበጠ፣ የኋላውን ከፈተ፣ ተንበርክኮ ከሥሯ ሁሉ አየ።

«ጣሊያኑ ይዟት ሄዶ ይሆናል» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ ከውሸት የባሰ ነበር።

«ሌባ» አለ ሙሄዲን። «አላህ የእጁን ይስጠው።»

መግፋት ብቻ ቀረን። ግቢው ማጥ ሆኗል፤ አስፋልቱ ደግሞ ከሰፈሩ ማዶ ነው። በኋላ በየመሸታ ቤቱ አርባ ሰው ገፋት ብዬ አውርቻለሁ፤ ስድስት ነበርን። አንድ ክንድ ስንገፋት ጎማዋ ይሰምጣል፤ ድንጋይ እንጎዘጉዛለን፤ እንደገና እንገፋለን። ዝናቡ ቀጥ ብሎ ከሪማ ላይ ይወርዳል። በምጥ ተይዛ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ጋሼ ቀለሙ፣ ደረስን?» አለችኝ አንዴ።

ገና አጥሩን አልወጣንም ነበር።

«ተቃርበናል፣ እታለም» አልኳት።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ስድስት ሰዓት ሆኗል። እዚያ ስንገፋት ሃያ እርምጃ እንኳ ሳትሄድ ሞተሯ ተነሣ፤ ጭሱን ፊታችን ላይ ተፍታብን ወደ ደሴ ሽቅብ ተፈተለከች። እውነትም ፈጣን ነበረች። ለዓይን እንኳ አልቆየችም።

እኔ ለምኜ በጨው ጫኝ ካሚዮን፣ ከጆንያው ላይ ተቀምጬ ደረስኩ። ሙሄዲን ከሐኪሙ በር ውጭ ቆሟል። ክንዱ ላይ ነጭ ጨርቅ ታቅፏል፤ አያያዙ እንዳይነቃ የሚጠነቀቁለት ልጅ አያያዝ ነበር።

«ወንድ ነው» አለኝ። «ሐኪሙ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ብትደርሱ ኖሮ አለ። ከሪማ ደህና ነች።»

ያን ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ቀበርነው። ጉድጓዱ በጣም ትንሽ ነበር። እኔ ሁሉን ነገር የማሳድግ ሰው፣ እሱን የማሳድግበት ቃል አጣሁ።

መስከረም ገባ። ፀሐይ ወጣች፤ የመኪና ፈላጊም እንዳልኩት በዛ። ሙሄዲን ግን አልሸጣትም። አንድ ቀን ከሪማ ኮምቦልቻ ድረስ አስጠራችኝ። ስደርስ እሱ ጓዙን አሰናድቶ መደብ ላይ ተቀምጧል።

«አስመራ ሊሄድ ነው» አለችኝ። «መሐንዲሱን ፊት ለፊት ልጄን ገደልክ ሊለው። ይሰቅሉታል፣ ጋሼ ቀለሙ። እኔን አልሰማ ብሏል። እርስዎ ይከልክሉልኝ።»

«ማንም አይከለክለኝም» አለ ሙሄዲን። «ብረቷን ሰርቆ ባይሄድ ልጄ ዛሬ ይጠባ ነበር። ይህን ሲሰማ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

ደላላ ነኝ፤ እልፍ መውጫ አውቃለሁ። መሐንዲሱ ሞቷል ብለው ያምነኝ ነበር። ወደ አገሩ ተሻግሯል ብለውም ያምነኝ ነበር። አፌን የከፈትኩት አንዱን ልል ነው።

«አልሰረቀም» አልኩ። «እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

ስለ ገመዱ ነገርኩት። ሁለት ጊዜ እንደመለሰልኝ ነገርኩት። ማኖ ቤላ መስሎኝ እጅ እንደነሣሁ፣ ብረቷንም በገዛ እጄ ሻንጣው ላይ እንደጣልኳት ነገርኩት። ምንም አልጨመርኩም፤ አጭር ሆነብኝ።

ሙሄዲን የጓዙን ገመድ ጨበጠ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም ደስ ባለኝ።

«ለሻጭ ይመለሳል ብለህ ነው» አለ።

«አዎ።»

«ለቤቱ በረከት።»

«አዎ።»

«እኔም ብሆን እሰጠው ነበር» አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አላለቀሰም ነበር። አሁን ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከሪማ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ጓዙንም በእግሯ ወደ ጓዳ ገፋችው።

ከእንግዲህ እዚህ ቤት ምን አለኝ ብዬ ተነሣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ከሪማ ጠራችኝ። አላየችኝም፤ መሬት መሬት ነበር የምታየው።

«ጋሼ ቀለሙ፣ ነገ አይምጡ።»

«እሺ፣ እታለም።»

አንድ እግሬን ካወጣሁ በኋላ ድምፅዋን ደግሜ ሰማሁ።

«ከነገ ወዲያ ይምጡ።»