የብዙአየሁ ንጹሕ ሳጥን

ብዙአየሁ ትናንት በእንቁራሪቶቹ ሳጥን ውስጥ ለማጥመጃ ያስቀመጠውን የድንች ቁራሽ በወረንጦ ሲያነሳው፣ ከሥሩ ሃያ የሚሆኑ ግራጫ ነፍሳት ተርመሰመሱ። ሲነካቸው እንደ ሽንብራ ድብልብል አሉ። አንድ በአንድ ለቅሞ ጠርሙስ ውስጥ ጨመራቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ለቀመ፤ አላለቁም። የእንቁራሪቶቹን ኩስ እንዲያጸዱለት ዘንድሮ ራሱ ነበር ያስገባቸው፤ አሁን የተክሎቹን ለጋ ቅጠል ግጠው አገዳ ብቻ አስቀርተዋል።

በዩኒቨርሲቲው የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ስድስት ዓመት እንቁራሪት ያሳደገው እሱ ነው። የመስታወት ሳጥኑን በየጠዋቱ ይወለውላል፤ የወደቀች ቅጠል ካየ ወዲያው ያወጣታል። ናዲያ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ከመጣች ገና አራት ወሯ ነው፤ አጠገቡ የሠራችው ሳጥን ግን ዓይን እስኪማርክ ለምልሟል። ትምህርት ክፍሉ የሚያቆየው አንዱን ሳጥን ብቻ ነው። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ኃላፊው ዶክተር ሙሉቀን ይመርጣሉ፤ አሁን በብዙአየሁ ሳጥን ያሉት ሦስቱ እንቁራሪቶችም ለተመረጠው ይሰጣሉ።

ቅናት ነው፤ ብዙአየሁ ራሱም ያውቀዋል። ልጅቷ ስትስቅ ያናድደዋል፣ ሰላም ስትለው ይብስበታል። ደግሞ ዝርክርክ ናት፤ የሳጥኗ መሬት በበሰበሰ ቅጠል ተሸፍኗል። ተማሪዎች ፎቶ የሚያነሱት ግን የእሷን ነው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ጠርሙሱን ይዞ ወደ ናዲያ ሳጥን ሄደ።

"አንቺም ቅመሺው" አለ በሆዱ።

ነፍሳቱ ቶሎ እንዲደበቁለት የበሰበሰውን ቅጠል ገለጥ አደረገ። ከሥሩ ሌሎች ተርመሰመሱ፤ ያው ዓይነት፣ በቁጥር ግን ከእሱዎቹ በእጥፍ የሚበልጡ። የወደቀውን ቅጠል ወንፊት አስመስለውታል። ለምለሙን አልነኩትም።

"ጋሽ ብዙአየሁ፣ እንዴት አደሩ?" ናዲያ በሩ ላይ ቆማለች። ጠርሙሱን አየችው። "ለእኔ ነው?"

"አዎ" አለ፤ ውሸት አልነበረም። "ያንቺዎቹ ለምንድን ነው ተክሉን የማይበሉት?"

"ስለሚጠግቡ ነዋ! ከሐይቁ ዳር የዋርካ ቅጠል እለቅምላቸዋለሁ። ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ደግሞ የዓሣ ቅርፊት አምጥቼ፣ አድርቄ ትንሽ ጣል አደርግላቸዋለሁ።"

"እኔ እኮ ቅጠሉን በየቀኑ ነው የማወጣው።"

ናዲያ ወደ ተራቆተው ሳጥኑ ዞር ብላ አየች። አስተያየቷ አንገበገበው። ሲኮራበት የኖረው ጽዳት ነው ነፍሳቱን ያስራባቸው።

ሦስት ሰዓት ሲሞላ ዶክተር ሙሉቀን ሰዓታቸውን እያዩ ገቡ። "እህ፣ የቱ ይሁን?"

ናዲያ ቀደመች። "ዶክተር፣ ለጋሽ ብዙአየሁ ሁለት ሳምንት ይስጧቸው። የሳጥናቸውን መሬት ቅጠል ካለበሱት ተክሉ ያገግማል።"

ብዙአየሁ ከሁሉም በላይ ይህን ጠላ። ብትሳደብ ይሻለው ነበር።

"ምን ትላለህ?" አሉት ዶክተሩ።

"እሺ" ሊል አፉን ከፈተ። እንቁራሪቶቹ በእሱ ሳጥን በተራቆተው መሬት ላይ፣ ውኃ መጠጫቸው ጥግ ተደራርበው ተቀምጠዋል። መደበቂያ የላቸውም።

"ሁለት ሳምንት እነዚህ የት ይጠለላሉ?" አለ።

እጁን በውኃ አርሶ ትልቋን አነሳትና ናዲያ ሳጥን ውስጥ፣ ቅጠሉ ላይ አስቀመጣት። ወዲያው ከሥሩ ገባች። ሌሎቹን ሁለቱንም አስከተለ።

"ትልቋ ጠዋት ካልሆነ አትበላም" አለ፣ ናዲያን ሳያያት። "ጻፊው።"