ሁለት ክንድ ርቀት

ዌንዴል ፕሩት ተማሪዎቹ ፊት አጭር ኳስ መትቶ አያውቅም። ረጅሙን ይመታል፣ ከአሸዋ ውስጥ ያወጣል፤ ኳሷ ጉድጓዱ አጠገብ ስትደርስ ግን በጫማው ገፋ አድርጎ «ይቺማ ገብታለች» ይላል። በጎልፍ ለጉድጓዱ የቀረበችን ኳስ ሳይመቱ እንደገባች መቁጠር ወግ ነውና ማንም አይጠረጥረውም፤ በክለቡ በረንዳ ከሚቀመጡት ሽማግሌዎች በቀር። እነሱ ያውቃሉ። ዌንዴል የውድድር ተጫዋች ሳለ፣ ሕፃን የማይስታትን ኳስ ሊያስገባ ሲል ቀኝ እጁ ሳያዝዘው ፈንጠር አለ። ከዚያ ወዲያ አልተወውም፤ ከውድድር አውጥቶ አስተማሪ አደረገው። ሕመሙ ስም አለው። ተጫዋች ግን አይጠራውም፤ የጠራውን ይይዘዋል ይባላል።

የእሱ ተማሪ ኮሪን ነገ ለሙያ ተጫዋችነት ማጣሪያ ትቀርባለች። ዛሬ ጤዛው ሳይደርቅ መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ኮች፣ ትናንት እጄ አንድ ነገር ሆነ። አጭሯን ስመታ።»

ዌንዴል ዞር ብሎ አያት። «ስንቴ?»

«አንዴ። ኮች... ያ ነገር ነው?»

«ዝም በይ!»

ጩኸቱ እሱንም አስደነገጠው። ልጅቷ ወደ ኋላ አለች። ዓይኗ ውስጥ ያየውን ፍርሃት ያውቀዋል፤ የራሱ ነው። ከእሱ የተማረችው ኳስ መምታት ብቻ አልነበረም።

ዱላዋን ተቀብሎ ኳስ ከጉድጓዱ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ አስቀመጠ።

«አንተ ዌንዴል!» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋርላንድ፣ ከበረንዳው። «ምን ልትሆን ነው? አንሳት፣ ገብታለች!»

«አፍህን ዝጋ፣ ጥርስህ እንዳይወድቅ!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ዌንዴል ኳሷ ላይ አጎነበሰ። ዓይኑ እያየ ጉድጓዱ ጠበበበት። ሊመታ ሲል እጁ ፈንጠር አለ፤ ኳሷ ጉድጓዱን ስታ አልፋ ሄደች። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ቢስቁ ይሻለው ነበር።

«አየሽ? ያ ነገር ይሄ ነው።»

«ያማል?»

«እጅስ አያምም። የሚያመው መምጣቱን መጠበቅ ነው።» ዱላዋን መለሰላት። «በይ አሁን አንቺ። እንዴት ነበር የምንመታው?»

«አንገት ሳይነሳ» አለች ቀስ ብላ። «መግባቷን በጆሮ።»

አጎነበሰች። የዱላው ጫፍ ይርገበገባል። ዌንዴል እጇን ማየት አልሆነለትም፤ ዓይኑን ጨፈነ። ስትመታ ሰማ። ሣር ላይ የምትንከባለል ኳስ ድምፅ የላትም። ጠበቀ። እስትንፋሱን ይዞ ጠበቀ።

ከጉድጓዱ ሥር፣ ቀጭን፣ ኳ።

«ድገሚ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። አንዴ መግባት ምንም ማለት እንዳልሆነ ከእሷ ይልቅ እሱ ያውቃል።

ደግማ መታች። ኳ።

የእሱ ኳስ ከጉድጓዱ ማዶ ሣሩ ላይ ነበረች። ጋርላንድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ገብታለች፣ ወንድሜ። አንሳት» አለው።

«አልገባችም» አለ ዌንዴል፤ የኮሪንን ዱላ ተቀብሎ ወደ ኳሷ ሄደ።