የዛሬ ዓመት ትመለሻለሽ

«እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?» አለች አክሱማዊት ወደ ወንድሟ ጆሮ ጠጋ ብላ።

ቀናው ካቀረቀረበት ቀና ብሎ አየ። የለቅሶው ድንኳን በር ላይ ወጣቶች ተሰብስበው ቆመዋል፤ ጅልባብ የለበሱ ሴቶች፣ ጃኬት የደረቡ ወንዶች። ይግቡ አይግቡ ጨንቋቸዋል። የዕድሩ ሰዎች አግዳሚ አስለቀቁላቸው። ከፊት የቆመችው ልጅ በእጇ የያዘችውን የሻይ ፔርሙዝ ለሴቶቹ አቀብላ ወደ እሱ መጣች።

«አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥዎት ጋሽ ቀናው። ካውሰር እባላለሁ። ሁላችንም የመአሊመድ እናትአለም ተማሪዎች ነን።»

መአሊመድ፣ መምህርት። ሚስቱን የጅጅጋ ልጆች በሶማሊኛ እንዲህ ይጠሯት እንደነበር ረስቶት ኖሯል። መንገድ ላይ አብረው ሲሄዱ ከየበሩ «መአሊመድ! መአሊመድ!» ይሏታል፤ እሷ እየቆመች ታወራለች፤ እሱ ደግሞ «ፀሐዩ አቃጠለን እኮ» እያለ ይነጫነጫል።

«መቼ ነው ያስተማረቻችሁ?»

«ሰባተኛ ክፍል። የመጨረሻዎቹ ተማሪዎቿ እኛ ነን። ሳይንስ።»

ሻዩ ተቀዳ። ከካውሰር አጠገብ የተቀመጠው ሮብሌ የሚባል ረጅም ልጅ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የበግ ሳንባ አምጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልን። ጠቆር ያለ፣ የተኮማተረ ነገር ነው። የእስክሪብቶ ቀፎ በጉሮሮው አስገብታ ንፋ አለችኝ። እኔ ስነፋ ተነሳ! ተነፍቶ፣ ተነፍቶ፣ መልኩ ሁሉ ወደ ሮዝ ተቀየረ። ‹ቢስሚላሂ!› ብዬ ለቅቄው ሮጥኩ።»

ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አባቴ አስም ነበረበት» አለ ሮብሌ፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሲያፍነው ጂን ነው ይሉን ነበር። ያን ቀን ነው ሳንባ ምን እንደሆነ የገባኝ። ቤት ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት፣ ሐኪም ቤት ወሰድነው።»

ቀናው ያን ሳንባ አውቆታል። ከሉካንዳ በጥቁር ፌስታል ይዛው መጥታ ፍሪጅ ውስጥ አስገብታው ነበር። እሱ ከመለዋወጫ ሱቁ ደክሞት ገብቶ ውሃ ሊያወጣ ሲከፍት አየው።

«እናትአለም፣ ቤታችንን ቄራ አደረግሽው?»

«ለነገ ነው። ቀናው፣ ነገ ለምን መጥተህ አታይም? ልጆቹ እንዴት እንደሚሆኑ ብታይ!»

«ሱቁን ማን ይከፍትልኛል?»

ብዙ ጊዜ ጠርታው ነበር። ከሎሚና ከሚስማር መብራት ያበሩ ቀን ጠርታዋለች። ልጆቹ በመስታወት ፀሐይን ጣሪያው ላይ ያስጨፈሩ ቀን ጠርታዋለች። ትምህርት ቤቱ ከሱቁ ሩቅ አልነበረም።

«በመስከረም ስንመለስ ግን የለችም» አለ ሮብሌ። «በዚያ በ2010 ክረምት ከተማው ስለተረበሸ ጠልታን ሄደች አልን። ሶማሌ ሁሉ አስጠልቷት ነው አልን። እኔ ራሴ መንገድ ላይ አይቻት ሰላም ሳልላት አልፌአለሁ።»

«ኧረ በስመ አብ!» አለች አክሱማዊት። «ወንድሜ ፈርቶላት ነው እንጂ እሷስ ልትመለስ ነበር።»

እውነት ነበር። ክረምቱ ሲያልፍ ጋዋኗን አጥባ ተኩሳ አዘጋጅታ ነበር። በእነዚያ ክፉ ቀናት የሸሸጓት ጎረቤቶቿም የተማሪዎቿ ወላጆች ነበሩ። ቀናው ግን ደጃፍ ላይ ቆሞ ለመናት። አንድ ዓመት ብቻ ብሎ ለመናት። ዘመድ ለምኖ በትምህርት ቢሮ የመጻሕፍት መጋዘን ሥራ አስገባት።

በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲያልፍ ትጠይቀዋለች።

«ዘንድሮስ፣ ቀናው?»

«ዘንድሮን እለፊውና የዛሬ ዓመት ትመለሻለሽ።»

የመጀመሪያውን ዓመት በእርግጥ ፈርቶላት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ከተማው ሰላም ነበር። ከእሱ ቀድማ ቤት መግባቷን፣ ፍሪጁ ንጹሕ መሆኑን፣ ምሳው ትኩስ መሆኑን ለምዶት ነበር። እሷም ቀስ በቀስ መጠየቁን ተወች። መጠየቋን ስትተው የረሳችው መሰለው፤ ደስም አለው። ኩላሊቷ ታሞ ሐረር ሆስፒታል ስትተኛ እንኳ ነርሷን ስለ ኩላሊት አሠራር ስትጠይቅ፣ ወረቀት ላይ ሥዕሉን ስታሠራት፣ «አርፈሽ ተኚ» ብሏት ነበር።

ወጣቶቹ ሊሄዱ ተነሱ። ቀናው ካውሰርን እጇን ይዞ አቆያት።

«አንቺ አሁን ምን ትሠሪያለሽ?»

«አስተምራለሁ። እዚያው ትምህርት ቤት። ሳይንስ።»

«እንደሷ?»

ልጅቷ አፈረች። «እሞክራለሁ።»

«መጥቼ ባይ... ይቻላል?»

እንግዳው ሲበተን አክሱማዊት ተቆጣች። «አርባዋ ሳይወጣ? ሐዘንተኛ ትምህርት ቤት ሲዞር ሰው ምን ይላል?»

«ስትጠራኝ አልሄድኩም፣ አክሱም።»

እህቱ ጠዋት ጥቁር ኮቱን ራሷ አራገፈችለት።

ክፍሉ ውስጥ ልጆቹ በየጠረጴዛው ተሰብስበው ይንጫጫሉ። ካውሰር ከፊት ቆማ ጀሪካን ከፍ አድርጋ ታሳያለች። «ይሄ ውሃ ከሀርሺን፣ ከአያቴ ቢርካ የመጣ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው። ምን ይታያችኋል?»

«ጭቃ!» «ትል!» «ሻይ ይመስላል!»

በተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጥጥ፣ ከሰል፣ አሸዋና ጠጠር ይደረድሩ ጀመር። ቀናው ከኋላ፣ ለልጆች በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለችው ኒምኮ የምትባል ልጅ ጠርሙሷ እየተንጋደደ አስቸገራት።

«አዴር፣ ያዝልኝ» አለችው።

አጎቴ ማለቷ ነው። ያዘላት። ደፍራሹን ውሃ ከላይ አፈሰሰች። መጀመሪያ ምንም አልወረደም። ልጅቷ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ከታች ከታች ታያለች። ከዚያ አንድ ጠብታ ወረደ። ሌላም ተከተለ።

«ጠራ! ጠራ!» ኒምኮ ዘለለች። ክፍሉ በሙሉ ጮኸ። ካውሰር «እንዳትጠጡ፣ ገና ይፈላል!» ብትልም የሚሰማት አልነበረም።

ቀናው የልጆቹን ፊት አየ። አንድ በአንድ አየ። ልጆቹ እንዴት እንደሚሆኑ ብታይ ብላው ነበር።

ደወል ተደወለ። ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ። ኒምኮ ከበሩ ዞር አለች።

«አዴር፣ በቃ እኮ፣ አስቀምጠው።»

«ገና ነው» አላት። «ገና ይንጠባጠባል።»

ባዶው ክፍል ውስጥ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ደግፎ፣ እንዳይንጋደድ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ ይጠብቅ ጀመር።