ቀጥ አድርጊው

"አንቺ! ትሄጃለሽ ወይስ እዚሁ ትተኛለሽ?" አለ ሞተረኛው፣ ከኋላዋ ጥሩንባውን እያስጮኸ።

ዊናር የብስክሌቷን መሪ ጨብጣ ሐዲዱ ጠርዝ ላይ ቆማለች። ባቡሩ አልፏል፤ ማገጃውም ተነስቷል። የቸገራት ሌላ ነው። እዚህ ክላተን ከተማ ሐዲዱ መንገዱን የሚያቋርጠው ቀጥ ብሎ ሳይሆን በሰያፍ ነው። ዝም ብለው ከነዱ ቀጭኑ ጎማ ከብረቱ ጎን ያለው ስንጥቅ ውስጥ ይገባና በግንባር መደፋት ነው። ስለዚህ ወደ መሃል ወጣ ብሎ ሐዲዱን ፊት ለፊት መግጠም ያስፈልጋል። መሃሉ ደግሞ የሞተረኞች ነው፤ አባታቸው ያወረሷቸው ይመስላቸዋል።

እስከ ትናንት አባባ ዋጊሞ ነበሩ። ማንም ሳይቀጥራቸው የቀርከሃ ማገጃ የሚያነሱና የሚጥሉ ሽማግሌ ናቸው። እሷን ሲያዩ ቀይ ጨርቃቸውን ዘርግተው ሞተረኛውን ሁሉ ያቆሙና ይጮኹባት ነበር።

"ቀጥ አድርጊው! እንደ ሰከረች ዳክዬ አትንገዳገጂ!"

"ዳክዬም ብሆን ሥራ አለኝ፣ አባባ!"

የምትሠራበት ካልሲ ፋብሪካ ውስጥ የሚያወራው ማሽኑ ብቻ ነው። የተከራየቻት ክፍል ውስጥ ደግሞ ግድግዳ አለ። ከመንደሯ ከወጣች ወዲህ በቀን አንዴ የሚሰድባት ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ዛሬ በቀርከሃው ቦታ በራሱ የሚወርድ ብረት ተተክሏል። የአባባ ወንበር የለም።

"የት ሄዱ?" ብላ ሲጋራ ሻጩን ጠየቀችው።

"ማሽን መጣ፣ በቃ። ልጃቸው ጋ ሄደው ይሆናል።"

"የት ነው የልጃቸው ቤት?"

"እኔ ምናቸው ነኝ?"

አለቃዋ "አንዴ ካረፈድሽ እንዳትመጪ" ብሏታል። ሞተሮቹ ትንሽ ሳሳ ሲሉ ዓይኗን ጨፍና ወደ መሃል ገባችና ተሻገረች። ዘወር ስትል ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ምግብ የሚሸጡ አንዲት ሴትዮ ሁለት ትልልቅ ቅርጫት ብስክሌታቸው ላይ ጭነው ከማዶ ሲመጡ አየች። ሞተረኞቹ ወደ ጠርዝ እየገፏቸው ነው።

ዊናር ብስክሌቷን ጣለች። ቀዩን የሥራ ጋዋኗን አውልቃ በእግሯ ተመለሰችና መንገዱ መሃል ዘርግታው ተገተረች።

"ቁሙ!"

"ማን ሾመሽ?"

"እናትህ! ቁም አልኩህ! እትዬ፣ ቀጥ ያድርጉት! እንደ ሰከረች ዳክዬ አይንገዳገዱ!"

"አፍሽን ያዢ፣ ባለጌ!" አሉ ሴትዮዋ። ተሻገሩ፤ ዞረውም አላዩዋትም።

የፋብሪካው ጥሩንባ ከሩቅ ጮኸ። ዊናር ጋዋኑን ልትለብስ አንድ እጇን እጅጌው ውስጥ አስገባች። ከሞተረኞቹ ጀርባ ሌላ ብስክሌት ብቅ አለ።

እጇን መልሳ አወጣችና ጋዋኑን ዘረጋች።