የካርቶኑ ባለቤት

ስማቸው ደብረ ማርቆስ መነኸሪያ አጠገብ ስልክ ይጠግናል። ከደንበኞቹ ስልክ ያወጣቸውን ያበጡና የደከሙ ባትሪዎች የሚጥልበት አጥቶ ዓመት ሙሉ ጠረጴዛው ሥር ሲያጠራቅም ቆየ። ቆሻሻ ላይ ቢጥላቸው እሳት እንደሚያስነሱ ያውቃል። ሮብ ገበያ በምትባል ከተማ ያለው ጓደኛው አበባው ከአሮጌ ባትሪ መብራት እየሠራ ለገጠር ቤቶች እንደሚያዳርስ ሲነግረው እፎይ አለና ሁሉንም በአንድ የሳሙና ካርቶን ጠቅጥቆ በገመድ አሰረው። ጫፎቻቸውን በፕላስተር መሸፈን፣ ያበጡትንም ከደህናዎቹ መለየት ነበረበት። ያን ቀን ግን ዕቃውን ለአበባው የሚልክበት ሚኒባስ ጋ የደረሰው ሊወጣ ሲል ነው።

«ምንድን ነው?» አለው ሾፌሩ የኋላሸት።

«የስልክ ከቨር ነው።»

ካርቶኑ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ከአንዲት ተሳፋሪ የአረቄ ጀሪካን አጠገብ ተቀመጠ።

ሮብ ገበያ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ከወንበሩ ሥር ጭስ ተትጎለጎለ፤ ወዲያው ነበልባል ሆነ። ሰው እየተረጋገጠ ወረደ። የሞተ የለም። አምደሚካኤል የሚባል መምህር ግን አንዲት አሮጊት በመስኮት ሲያወጣ ሁለት እጁ ተቃጠለ። ሾፌሩም ተሳፋሪውም ጥፋቱን ጀሪካኑ ላይ ጣሉት። አበባው ለስማቸው ደውሎ «ዝም በል፤ እኔም ዝም እላለሁ» አለው። ስማቸው ዝም አለ።

በሁለተኛው ሳምንት ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሴት ሱቁ በር ላይ ቆሙ።

«ስማቸው የሚሉህ አንተ ነህ?»

«አዎ እማማ። ስልክ ተበላሸብዎት?»

«የለም። ፋንታነሽ እባላለሁ። አረቄዋ መኪናውን አቃጠለ የምባለው እኔ ነኝ። ያንተም ካርቶን ነበረበት አሉኝ። ንብረትህን አመድ አደረግሁብህ። ይቅር በለኝ ልጄ።»

ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ሊስሙ ሲሉ ትከሻቸውን ይዞ አነሳቸው። እውነቱን ሊነግራቸው ነበር። ከአፉ የወጣው ግን «ግድ የለም እማማ፣ እግዜር ይቅር ይበልዎ» የሚል ሆነ።

«እጅህ ይባረክ፣ ክፉ አይንካህ» ብለው መርቀውት ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ አልሆንልህ አለው። ካቻቪቴውን እንደያዘ ፈዝዞ ይቀራል። ሚስቱ ሩሃማ «ታመምክ እንዴ?» ስትለው «ብርድ ነው» ይላል። በሦስተኛው ቀን ሱቁን ዘግቶ ሮብ ገበያ ሄደ። እያጠያየቀ ቤታቸው ሲደርስ ደጃፍ ላይ ገብስ ሲያበጥሩ አገኛቸው።

«እማማ፣ አረቄዎ አይደለም። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ባትሪ ነው። እሳት እንደሚያስነሳ አውቅ ነበር። ከቨር ነው ብዬ ዋሸሁ።»

ፋንታነሽ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ።

«እኔ የመጣሁ ዕለት ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ደግሞ መረቅሁህ!» አሉ። «ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። ገበያ ላይ ሰው ይሸሸኛል። ያንን መምህር ሄጄ እግሩ ላይ ወድቄያለሁ። አንተ እያወቅህ እግዜር ይቅር ይበልዎ አልከኝ!»

ሊንበረከክ ሲል ገፋ አደረጉት። «እኔ ጋ አትውደቅ። ቆይ፣ ነጠላዬን ላምጣ።»

ነጠላቸውን ደርበው አስከትለውት ሄዱ። መምህሩ ቤት ሲደርሱ ሁለት እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ ሚስቱ ታጎርሰዋለች።

«ተናገር» አሉት ፋንታነሽ።

ስማቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ። አምደሚካኤል ፋሻውን እያየ «ካርቶኑን ወደ ውስጥ የገፋሁት እኔ ነበርኩ» አለ ቀስ ብሎ። «የሰው ዕቃ እንዳይረገጥ ብዬ።»

ሚስትየው ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ስማቸው ቃሉን ሰጥቶ እስኪፈርም ፋንታነሽ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። ፖሊሱ ለጊዜው እዚያው ታስሮ እንደሚቆይ ነገረው።

«እማማ» አላቸው፣ «ይቅር ይሉኛል?»

«ገና ነኝ» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «መጀመሪያ ገበያ ሄጄ አረቄዬ እንዳልነበረ ልናገር።»